ሌላ ጉድለት አልተገኘበትም

ጥቅምት 6

የኔ ግራም፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። እንደ ወጉ «ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የባለሱቅ ሚዛን ሲመረምር የኖረ ሰው የጎደለውን ሳይዘረዝር እንዲህ ቢል ያስቅበታል።

አዎ፣ ገዛሁት፤ አልቀለድኩም። «በዚህ ዕድሜህ ኤሌክትሪክ ጊታር?» ላልሽው መልሴ አጭር ነው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚያወጣው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው፤ እሱም ከአንድ ዜማ ሌላ አያውቅም። የወጣትነቴን ጊታር አንቺ ስትወለጂ ሸጬዋለሁ። አሁን ራስሽን ችለሻል፣ መልሼ ብገዛ ማንን በደልኩ?

ቀለሙ ማር ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመጋረጃው በኩል ስትገባ ሶፋው ላይ ጋደም አድርጌው አየዋለሁ፤ ጊዜው እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም። መልኩ ግን ሸወደኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ቤት አምጥቼ የሥራ መነጽሬን ሳደርግ ጉዱ ወጣ። አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች ሰባተኛው ከጓደኞቹ ከፍ ብሏል፤ እዚያ ጋ ስጫን ክሩ እንደ ትንኝ ይነጫነጫል። የሦስተኛው ክር መቃኛ ይንሸራተታል፤ አጥብቄው ሻይ አፍልቼ ስመለስ ወርዶ አገኘዋለሁ። ገመዱ የሚሰካበትም ቀዳዳ ላልቷል። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሚዛን ባገኝ ኖሮ በቀይ ማኅተም አሽጌው እወጣ ነበር።

ዋስትናው የስድስት ወር ነው፤ አትስጊ፣ ሱቁ እወስደዋለሁ። ከሰዓት በኋላ እጫወት እንደሆነ ጠይቀሻል። አልጫወትም። ጠዋት ጠዋት ነው የምጫወተው። ከሰዓት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

አባትሽ


ጥቅምት 18

አባዬ፣

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትርፍ ሰዓት ነበርን፤ ዓሣው ሲገባ እንደ ጉድ ነው። ስለ እጄ ባለፈው ጠይቀኸኝ ነበር፤ ቅዝቃዜው ያው ነው፣ ግን የማሸጊያ መስመሩ ተቆጣጣሪ ካደረጉኝ ወዲህ ቢላዋ አልይዝም። ቆርቆሮውን እያየሁ ክዳኑ የተጣመመውን መለየት ነው ሥራዬ። ጠዋት ጠዋት አዳራሹ በጉም ይሞላና ከወገብ በታች ሰው አይታይም፤ ነጭ ቆብ ብቻ ነው የሚንሳፈፈው። እንቅልፌ ሳይለቀኝ ስገባ ሕልም ውስጥ ነው የምሠራው የሚመስለኝ። ደግሞም የአንተ ልጅ መሆኔን ሰው ሁሉ አውቋል፣ «መርማሪዋ» ነው የሚሉኝ።

ሰባተኛውን መስመር በጥፍር ሞረድ ልታስተካክል እንደምታስብ ገምቼ ላብ አጠመቀኝ። እባክህ አትንካው! አንተ ስትነካው ዋስትናው ይቀራል፤ ውሰደው።

አሁን ደግሞ እንዳትቆጣ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጨው ልትበደር የምትመጣው ጨው አልቆባት አይደለም። እኔ ለምኛት ነው። ብቻህን ስለሆንክ ሐሳብ ገባኝ። ደህና ነው ትለኛለች፣ ይበላል ትለኛለች። ግን አንድ ነገር ጻፈችልኝ፤ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ስትመጣ፣ ጊታሩን ታቅፈህ ከድምፅ ማጉያው ፊት ተቀምጠህ ታገኝሃለች። ልክ እሷን ስታይ ማጉያውን ቷ ታደርገዋለህ። ደግሞ አትጫወትም ነበር አለችኝ።

አባዬ፣ ካልተጫወትክ ለምን ትከፍተዋለህ?

እኔ ጋ ና ስልህ ይሄ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፣ አልሰለችም፤ እዚህ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቤት አለኝ። አስብበት።

ልጅህ


ኅዳር 1

የኔ ግራም፣

የጨውዋን ነገር ካወቅሁ ቆይቻለሁ። አንድ ሴት ለብቻዋ በወር ሁለት ኪሎ ጨው አትጨርስም። አልተቀየምኩሽም።

ጊታሩን ወሰድኩት። ሱቁ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጠጋኙ ጺማም ልጅ ነው፤ ቁጥብ ነው፣ እጁ ግን ያውቃል። ሰባተኛውን መስመር ሞርዶ አስተካከለው፣ መቃኛውን ቀየረው፣ ቀዳዳውን አጠበቀው። አሁን ክሩ ከላይ እስከ ታች ጥርት ብሎ ይደውላል። ሁለት ቀን አቆይቶ፣ ሰክቶ ፈትሾ፣ ፈርሞ ወረቀት ሰጠኝ። ከሥሩ «ሌላ ጉድለት አልተገኘበትም» ይላል። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እኔም ስንቱን እንደዚህ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ባለሱቆቹ ደስ ብሏቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር።

አጎትሽን ታስታውሺዋለሽ? ታላቅ ወንድሜን ማለቴ ነው። ሲሞት ሰባት ዓመትሽ ነበር። ከረሜላ ይሰጥሽ እንደነበረ ታስታውሺ ይሆናል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ግን ወደዚያ ቤት አንወስድሽም ነበር። እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ና ላልሽኝ፣ አስቤበታለሁ። እሺ። እዚህም ምን ቀረኝ? ቤቱን ለልብስ ሰፊዋ እህት ማከራየት ይቻላል። ለመቼ እንደሚመችሽ ጻፊልኝ፤ ካሰብሽው ቀደም ቢል አልጠላም። ጊታሩን አላመጣውም፤ ቦታ ይይዛል።

አባትሽ


ኅዳር 9

አባዬ፣

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም። ሁለት ጊዜ «እግሬ ሳይታሰር ከቤቴ አልወጣም» ያልከኝ ሰውዬ ዛሬ «ቀደም ቢል አልጠላም» ትለኛለህ። አንድ ጣሳ ሳይጣመም ክዳኑ አይጣመምም።

ወረቀቱን ደጋግሜ አሰብኩት። የነገርከኝ ጉድለት ሦስት ነው፣ ሦስቱም ተጠግነዋል። ታዲያ «ሌላ» የተባለው ምንድን ነው? ጠጋኝ ሰው ሳይጠይቀው «ሌላ አልተገኘም» ብሎ አይጽፍም። ሁለት ቀን ያቆየውም ያለ ምክንያት አይደለም። አንተ ነህ እንዲፈልግ የጠየቅኸው። ምን እንዲያገኝልህ ነበር የፈለግኸው?

አጎቴንም አስታውሳለሁ። ከምታስበው በላይ አስታውሳለሁ፤ ልጆች በር ሥር ይሰማሉ።

ስልክ እንዳልደውል ከልክለኸኛል፤ «በስልክ መዋሸት ይቀላል» ትላለህ። እንግዲያውስ ጻፍልኝ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ተረት ለእኛ ቤት አልሠራም፤ እናቴም ሕመሟን ዝም ብላ ነው የሄደችብን።

ልጅህ


ኅዳር 16

የኔ ግራም፣

ሦስት ወረቀት ቀድጄ ይሄ አራተኛው ነው። እንደ ምርመራ ዘገባ እጽፈዋለሁ፣ እንደዚያ ካልሆነ አይወጣልኝም።

ጊታሩ ይናገራል።

በገዛሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር፤ ማጉያውን ከፍቼ፣ ጊታሩን ታቅፌ፣ ምን ልጫወት እያልኩ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ከማጉያው መጀመሪያ እንደ ንብ ቀፎ ያለ ጉምጉምታ መጣ። ከዚያ ከጉምጉምታው ሥር የሴት ድምፅ። ሩቅ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ አትቸኩልም። እጄን ክሮቹ ላይ ሳሳርፍ ጠራ ትላለች። ቁጥር ነው የምታነበው። «አንድ ነጥብ ሁለት። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። አንድ ነጥብ አምስት።» በመሐል ቃላት አሉ፣ ይዋጣሉ፤ የሚሰማኝ ቁጥሩ ነው። ስትጨርስ ሁልጊዜ «በሰላም ግቡ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ቀን አልቀረችም።

ቁጥር ለምን ይመስልሻል? ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ሰማሁ? አንድ ኪሎ ከሁለት፣ ዘጠኝ መቶ ግራም፣ ኪሎ ተኩል። መዝገቤ ከጭንቅላቴ እየፈሰሰ ነው አልኩ። እና ያ «በሰላም ግቡ»… እናትሽ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ምን ትለኝ እንደነበረ ታውቂያለሽ። ድምፁ የእሷ ነው አልልሽም። አይደለምም አልልሽም። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ፣ ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ አርፋ፣ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል፤ ደስም ይለኛል፣ ደስ ማለቱ ደግሞ ያስፈራኛል። ወንድሜም መጀመሪያ ላይ ደስ ይለው ነበር። ግድግዳው ሲያናግረው እየሳቀ ነበር የሚመልስለት፤ ልቅሶው የመጣው በኋላ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ማጉያውን ሳጠፋ ትጠፋለች። ይሄ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ወንድሜም መስኮቱ ሲዘጋለት ዝም ይልለት ነበር። ሚዛን ራሱን አይመዝንም፣ ይሄን ለስንቱ አስተምሬያለሁ።

ለልብስ ሰፊዋ አልነገርኩም። «ትሰሚያለሽ?» ብዬ ጠይቄያት «ምኑን?» ብትለኝስ? ስለዚህ ስትገባ አጠፋለሁ። ተስፋዬ ጺማሙ ላይ ነበር፤ «ድምፅ ያወጣል፣ ፈልግልኝ» አልኩት፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ አልነገርኩትም። ሁለት ቀን በአሥር ሰዓት ሰክቶ ጠበቀው፤ ምንም የለም። ጉድለቱ ከጊታሩ ካልሆነ እንግዲህ ከማን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።

ሐኪም ቤት ለመሄድ እፈራለሁ። ፈርቻለሁ፣ ልጄ።

አባትሽ


ኅዳር 22

አባዬ፣

ደብዳቤህን በምሳ ሰዓት አነበብኩት። አልፈራሁም። አንተም ለጥቂት ቀን ፍርሃቱን ለእኔ ተውልኝ።

አንድ ሥራ ልስጥህ። መርማሪ ነህ አይደል? አንድን ሚዛን አንድ ጊዜ አይተህ ፈርደህበት ታውቃለህ? ዘጠኝ ቀን መዝግብ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሮቹን በተነበቡበት ቅደም ተከተል። ያልሰማኸውን በግምት አትሙላ፤ ባዶ ተወው። አታጥፋት፣ አትሽሻት፣ አትመልስላት። ስትጨርስ ላክልኝ።

ደግሞ ብላ። ልብስ ሰፊዋ ጨው ልትበደር ስትመጣ አስቀምጣትና ሻይ አጠጣት።

ልጅህ


ታኅሣሥ 6

የኔ ግራም፣

ሥራ ነው ስላልሽኝ ሠራሁት። የድሮውን ሰማያዊ ደብተሬን አውጥቼ አሰመርኩበት፤ እርሳሴንም አሹዬ ቀረጽኩ። ከኅዳር 27 እስከ ትናንት ዘጠኝ ቀን ነው። ቅጠሉን ቀድጄ ልኬልሻለሁ።

እንደምታይው በየቀኑ ሰባት ቁጥር ታነባለች፣ አይጨምርም አይቀንስም። አብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ነው። ባዶ የተውኩት አራት ቦታ ነው፤ ሁለቱን የጎዳና ጩኸት ሸፈነብኝ፣ ሁለቱን እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ፤ ይሄንንም እመሰክራለሁ። የሚገርመኝ የኅዳር 28ቱ አምስተኛ ቁጥር ነው። «ሦስት ነጥብ ስምንት» አለች፣ ደግማም አለችው። ድምፅዋ ከበድ አለብኝ። አንድ ሰዓት ያህል ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። የጻፍኩትን ሐኪም ማየት ካለበት አሳዪው፣ አላፍርም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እኔ ወንድሜን በመጨረሻ ሳምንታት አልጎበኘሁትም። አንቺ እንደዚያ አታድርጊ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 13

አባዬ፣ አባዬ፣ አባዬ፣

ቁጭ በል። ካልተቀመጥክ አታንብ።

እዚህ የወደቡ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። በየቀኑ ከሥራ ስንወጣ አየዋለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አይቼው ልብ ብዬው አላውቅም። ዘበኛው በጠመኔ ቁጥር ይጽፍበታል፤ የነገው ማዕበል ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ነው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ እንዲያወጡ ወይም እንዳያወጡ። ኅዳር 28 ቀን ስወጣ ሰሌዳው ላይ ሦስት ነጥብ ስምንት ይል ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። እኔ ያን ቁጥር እንዴት እረሳለሁ? በማግስቱ አንድ ጀልባ አልወጣም፣ ዓሣ የለም ተብለን ሁላችንም ወደ ቤት ተመለስን። ቀኑን ሙሉ አልጋ ውስጥ ሆኜ ስለ አንተ ሳስብ ዋልኩ።

ደብዳቤህን ይዤ ወደ ዘበኛው ሮጥኩ። ሽማግሌ ነው፣ በቀላሉ አይገረምም። ደብተሩን አወጣ። አምስተኛውን ረድፍህን ከእሱ ጋር አስተያየነው። ስምንት ቁጥር፣ ስምንቱም አንድ ናቸው! ዘጠነኛው አንተ እንቅልፍ የወሰደህ ቀን ነው። ዘበኛውን «ታዲያ አንተ ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ከሬዲዮ ነዋ፤ በአሥር ሰዓት አንዲት ሴት ታነባለች። ሰባት ወደብ ነው፣ የእኛ አምስተኛው» አለኝ። ስትጨርስስ ምን ትላለች አልኩት። «ለባሕረኞቹ? በሰላም ግቡ ትላለች» አለኝና ለምን እንደማለቅስ ጠየቀኝ።

አባዬ፣ አንተ ባሕር አጠገብ ኖረህ አታውቅም። የእኛን ማዕበል ከመዝገብህ ልታወጣው አትችልም። በሽተኛው ጊታሩ ነው እንጂ አንተ አይደለህም!

የፋብሪካችንን ኤሌክትሪሻን ጠየቅሁት፤ ሳቀብኝ፣ የታወቀ ነገር ነው አለ። የጊታሩ ሆድ ውስጥ ኧርዝ የሚባለው ሽቦ ሳይያያዝ ሲቀር፣ ሆዱም በስስ መዳብ ሳይሸፈን ሲቀር፣ የሬዲዮ ምሰሶ ቅርብ ከሆነ ድምፁን ይለቅመዋል አለ። ባለፈው ዓመት ከቤታችን ጀርባ ጉብታው ላይ የብረት ምሰሶ ተክለው ፀሐዬን ከለከሉኝ ብለህ የጻፍክልኝን አስታወስኩት። ጺማሙ ግን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ምን ሊሰማ? ያላገኘው ስለሌለ አይደለም።

አሁን እኔም ልናዘዝ። «አልፈራሁም» ያልኩህ ውሸት ነበር። ዘጠኝ ቀን መዝግብ ያልኩህ ፈቃድ እስካገኝ ጊዜ ልግዛ ብዬ ነው፤ ሥራ ስትይዝ እንደምትረጋጋ ስለማውቅ። የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዤልህ ነበር። እኔም ያመንኩት ሌላውን ነበር፣ አባዬ። ይቅር በለኝ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 24

የኔ ግራም፣

ቁጭ በል ብትዪኝም ደብዳቤውን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ያዘዝሽኝን ያየሁት ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ነው። ብቻዬን እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ልብስ ሰፊዋ ሰምታ መጣች፣ ጨውም አልጠየቀችም። ሁሉንም ነገርኳት። «እኔማ ስንት ጊዜ በግድግዳው ሰምቻት፣ ሬዲዮ ገዛህ ብዬ ነበር» አትለኝ መሰለሽ! ሁለት ወር ሙሉ መልሱ ከግድግዳው ወዲያ ጨርቅ ሲሰፋ ነበር፤ እኔ ግን ለመጠየቅ ፈራሁ።

ይቅር በለኝ ላልሽው፣ ምን በድለሽኝ? አምነሽም ቢሆን ና ነው ያልሽኝ። እኔ ወንድሜን እንደዚያ አላልኩትም።

ሻንጣዬ እንደታሰረ ነው ወይ ብለሽ አስከትለሽ በላክሽው አጭር ወረቀት ጠይቀሻል። ፈትቼዋለሁ። በዓመት አንድ ወር አንቺ ጋ እመጣለሁ፣ ያን ሰሌዳም አያለሁ። ቤቴን ግን አልለቅም፤ አሁን በፍርሃት የምለቅበት ምክንያት የለም።

ጊታሩ ላይ ልምጣ። ሱቁ ሄጄ ለጺማሙ ወረቀቱን መለስኩለት፤ «የፈረምከው ስህተት ነው፣ ቤቴ መጥተህ መርምር» አልኩት። ቅር ቢለውም መጣ። ትናንት ከሰዓት ነው። ሆዱን ከፈተው፤ ልክ ኤሌክትሪሻናችሁ እንዳለው፣ ኧርዝ የሚሉት ሽቦ ጫፉ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ጀምሮ አልተበየደም። መዳብም የለበትም። «ይቅርታ አባቴ፣ ይሄን ሳልከፍት መፈረም አልነበረብኝም» አለኝ። እኔም በጊዜዬ ሳልከፍት የፈረምኩባቸው ሁለት ሦስት ሚዛኖች ትዝ አሉኝ። አልተቆጣሁትም።

የሚነገር አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ለአንቺ ካልሆነ ለማንም አልለውም። ደብዳቤሽን አንብቤ ስቄ ስጨርስ ከፋኝ። ደህና መሆኔን አውቄ፣ ጤነኛ መሆኔን አውቄ፣ ከፋኝ። ለካ ፍርሃቱ ውስጥ አንድ ተስፋ ሸሽጌ ነበር። እናትሽ ሞታለች፤ ይሄን በሬሳ ሣጥኗ ፊት ቆሜ ያመንኩት መስሎኝ ነበር፤ ያመንኩት ግን ይሄ ሳምንት ነው።

ጺማሙ ብየዳውን አሙቆ፣ መዳቡን ቆርጦ አዘጋጀ። ሰዓቱን አየሁ፤ ለአሥር ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል። «ትንሽ ቆይ» አልኩት። ማጉያውን ከፈትኩት። ሁለታችንም ሶፋው ላይ ተቀመጥን፣ ጊታሩ በመሐላችን ሆዱን ከፍቶ ተጋድሟል። መጣች። ልጁ ክው ብሎ አየኝ። አሁን ስለማውቅ ቃላቱም ይሰሙኝ ጀመር፤ ነፋስ፣ ደመና፣ የወደቦቹ ስም። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ወደ ማጉያው ጠጋ አልኩ። ዜሮ ነጥብ ስድስት አለች። ባሕራችሁ ጸጥ ይላል ማለት ነው። ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን አነበበች፣ በሰላም ግቡ አለች፣ ጉምጉምታው ብቻ ቀረ።

«በሰላም ግቢ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ለማን እንደሆነ ልጁ አልጠየቀኝም።

ከዚያ «በል አሁን ሸፍነው» አልኩት።

አባትሽ